ልክ የማን ነው?

«ልክ» የምትባለው አጭር የአማርኛ ቃል ሦስት ሥራ ትሠራለች። ልብስ ሰፊው ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ «ልክሽን ልውሰድ» ሲል መጠንን መናገሩ ነው። ጓደኛችን እውነት ሲናገር «ልክ ነህ» ስንለው ትክክል መሆኑን መመስከራችን ነው። አንድ አለቃ ያስቸገረውን ሠራተኛ «ልክ አስገባው» ሲባል ግን ነገሩ ወደ ቅጣት ተሻገረ ማለት ነው። መጠን፣ ትክክለኛነትና ቅጣት በአንዲት ቃል ውስጥ ተጎራብተው ይኖራሉ።

ስለ ሴቶች ልብስ ለመጻፍ የተነሣ ሰው ከዚህች ቃል ቢጀምር አይፈረድበትም። የዘመናችን ልብስ ታሪክ ሦስቱ ትርጉሞች እርስ በርሳቸው የተቀላቀሉበት ታሪክ ነውና። አንድ መጠን ተመረጠ፤ የተመረጠው መጠን «ትክክለኛ» ተባለ፤ ከዚያ ያለፈችውን ወይም የጎደለችውን ሴት ልብሱ ራሱ ልክ ያስገባት ጀመር። ተማሪዋ ከሱቅ የገዛችው ቀሚስ አልዘጋ ሲላት ቀሚሱን አትወቅስም፤ ሆዷን ትወቅሳለች። ጨርቁ ዳኛ፣ ሰውነቷ ተከሳሽ ይሆናል።

ይህን ፍርድ በአደባባይ ለመገልበጥ ከሞከሩት ሰዎች መካከል አንዲት ጃፓናዊት አለች። ዛሬ የምናወራው ስለ እርሷ አንድ የልብስ ስብስብና ከእርሱ በኋላ ስለ መጣው ነገር ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

ጉብታ ያለው ቀሚስ

ሬይ ካዋኩቦ በ1942 ቶኪዮ ተወለደች። በኬዮ ዩኒቨርሲቲ የተማረችው የሥነ ጥበብን ነገር እንጂ ልብስ ስፌትን አይደለም። በ1969 «ኮም ዴ ጋርሶን» በሚል ስም የሴቶች ልብስ መሥራት ጀመረች፤ ስሙ በፈረንሳይኛ «እንደ ወንዶች ልጆች» ማለት ነው። በ1981 ሥራዋን ይዛ ፓሪስ ገባች። የፓሪስ ሰዎች በዚያን ጊዜ የለመዱት ወገብን የሚያሳይ፣ የሚያብረቀርቅና የሚያሽሞነሙን ልብስ ስለ ነበር፣ የእርሷን ጥቁርና ሰፋፊ፣ አንዳንዱም ሆን ተብሎ የተቀዳደደ ልብስ ባዩ ጊዜ ግራ ተጋቡ።

ዋናው ነገር ግን የመጣው በኦክቶበር 1996 ነው። ለ1997 የጸደይና የበጋ ወራት የተዘጋጀውን ስብስብ በፓሪስ ስታሳይ «ሰውነት ከልብስ፣ ልብስም ከሰውነት ሲገናኝ» የሚል ርእስ ሰጠችው። ቀሚሶቹ የሚለጠጥ ስስ ጨርቅ ነበሩ፤ ብዙዎቹም የጠረጴዛ ልብስ የሚመስል ባለ ትንንሽ ካሬ ጨርቅ ናቸው። ከሰውነት ጋር ጥብቅ ብለው የተሰፉ ናቸው። ከውስጣቸው ግን የዝይ ላባ የተሞላባቸው ትንንሽ ትራሶች ተደርገዋል። ትራሶቹ የተቀመጡት ማንም በማይጠብቀው ስፍራ ነው፤ አንዱ ከጀርባ ተነሥቶ ወደ አንድ ትከሻ ብቻ ይወጣል፤ ሌላው በአንደኛው ዳሌ ላይ ብቻ ያብጣል፤ ሌላው ሆድ ላይ፣ ሌላውም ከማጅራት በታች ይቆማል። የጨርቁ ካሬዎች ጉብታው ላይ ሲደርሱ ስለሚጎብጡ ዓይን እብጠቱን ልለፈው ቢል እንኳ አይችልም።

ጋዜጦች ስብስቡን «እብጠትና ጉብታ» ብለው ሰየሙት። አንዳንዶቹ በቪክቶር ሁጎ ልብ ወለድ ውስጥ ካለው ከጎባጣው ደወል ደዋይ ከካዚሞዶ ጋር አመሳሰሉት። ሌሎቹ ነገሩን ከበሽታ ጋር አያያዙት። ከፋሽን መጽሔቶችም ውስጥ ትራሶቹን አውጥተው፣ ቀሚሶቹን ባዶ አድርገው ፎቶ ያነሡ ነበሩ፤ ማለት ልብሱን ወደውት ሐሳቡን አልወደዱትም። ካዋኩቦ ንግግር የማታበዛ ሴት ስለ ሆነች የሰጠችው ማብራሪያ አጭር ነው፤ ልብስ ሰውነት ሊሆን፣ ሰውነትም ልብስ ሊሆን እንደሚችል መረዳቷን ተናገረች።

ይህ አነጋገር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰሙት እንቆቅልሽ ይመስላል። ነገር ግን ጥቂት ብናስብበት ቀላል እውነት ነው። ከልብስ የበለጠ ለሰው ገላ የቀረበ ነገር የለም። ልብስ ከጧት እስከ ማታ ቆዳችንን ይነካል፤ ላባችንን ይጠጣል፤ ስንቀመጥ ይጨማደዳል፤ ስንበላ ይጠብቀናል። ከባልንጀራም ከዘመድም ይልቅ ምሥጢራችንን የሚያውቀው እርሱ ነው። እንግዲህ ይህን ያህል የቀረበን ነገር ወዳጅ ነው ወይስ ሰላይ? የካዋኩቦ ቀሚሶች የጠየቁት ይህንኑ ነው።

ጥያቄው በልብስ ማሳያው መድረክ ላይ ብቻ አልቀረም። በኦክቶበር 1997 ስመ ጥሩው አሜሪካዊ የዳንስ ሰው መርስ ከኒንግሃም «ሲናሪዮ» የተባለውን ሥራውን በብሩክሊን የሙዚቃ አካዳሚ ሲያሳይ፣ ዳንሰኞቹን እነዚህን የመሳሰሉ ጉብታ ያላቸው ልብሶች ያለበሰችለት ካዋኩቦ ነበረች። በልምምድ ብዛት ሰውነታቸውን እንደ ገዛ እጃቸው ያወቁ ዳንሰኞች ያልለመዱት ስፋትና ያልለመዱት ጎን ተጨመረላቸው። ቆሞ ሲታይ እንግዳ የነበረው ቅርጽ ሲንቀሳቀስ የራሱ የሆነ ግርማ እንዳለው ተመልካች አየ። በ2017ም የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም የካዋኩቦን ሥራዎች ሰብስቦ ታላቅ ትርኢት አሳየ፤ ሙዚየሙ በሕይወት ላለ የልብስ ባለሙያ ብቻውን እንዲህ ያለ ትርኢት ሲሰጥ በ1983 ከኢቭ ሳን ሎራን ቀጥሎ ሁለተኛው ነበር። በ1996 የተሳቀበት ጉብታ ከሃያ ዓመት በኋላ በመስታወት ውስጥ ተቀመጠ።

የሣቁ ምክንያት

ለመሆኑ ሰዎች የሣቁት ልብስ ውስጥ ሙሌት ስለ ተደረገ ነውን? አይደለም። ሙሌት በሴቶች ልብስ ውስጥ የቆየ ነገር ነው። በ1870ዎቹና በ1880ዎቹ የአውሮፓና የአሜሪካ ወይዛዝርት ከወገባቸው በስተኋላ ትልቅ ድጋፍ እያሰሩ ቀሚሳቸውን እንደ መደርደሪያ ያቆሙት ነበር፤ ማንም በሽታ ነው አላለም። በ1980ዎቹ ሴቶች ለቢሮ የሚለብሱት ኮት የትከሻ ሙሌት ነበረው፤ እርሱም የሥልጣን ምልክት ተባለ።

ከሁሉም የሚገርመው የክርስቲያን ዲዮር ነገር ነው። በፌብሩዋሪ 12 ቀን 1947 ዲዮር በፓሪስ ያሳየው ስብስብ «አዲሱ መልክ» ተብሎ ዓለምን ዞረ። «ባር» የተባለው ዝነኛ ኮቱ ወገቡ ላይ እጅግ ጠብቦ፣ ከወገቡ በታች ዳሌው በሙሌት የተነፋ ነው። እንግዲህ ዲዮርም ሙሌት አደረገ፤ ካዋኩቦም ሙሌት አደረገች። አንዱ ሲጨበጨብለት ሌላዋ ተሣቀባት። ልዩነቱ ሙሌቱ የተቀመጠበት ቦታ ነው። ዲዮር ሰዎች እንዲያብጥ በሚፈልጉት ቦታ አደረገው፤ ካዋኩቦ ሰዎች ማየት በማይፈልጉት ቦታ አደረገችው። ስለዚህ ሣቁ የጨርቅ ሣቅ አልነበረም። ሆዷ በገፋ፣ ጀርባዋ በጎበጠ፣ አንደኛው ዳሌዋ ከሌላው በበለጠ ሴት ላይ ዘወትር የሚሣቀው ሣቅ ነው። ካዋኩቦ ያንን ሣቅ ከመንገድ ላይ አንሥታ ፓሪስ ላይ፣ በመብራት ፊት አቆመችው።

ቁጥር ከየት መጣ?

ይህ «ትክክለኛ ቅርጽ» የሚባል ነገር እንዴት በየሱቁ እንደ ተተከለ ማወቅ ይገባል። ልብስ በቤትና በሰፊ እጅ ይሠራ በነበረ ጊዜ የሴት ልብስ ቁጥር አያስፈልገውም ነበር፤ እያንዳንዷ ሴት የራሷ ቁጥር ነበረች። ፋብሪካ ሲመጣ ግን ያልታየች ሴት የምትለብሰውን ልብስ አስቀድሞ መቁረጥ ግድ ሆነ። አሜሪካ ውስጥ ልብስ በካታሎግ መርጠው በፖስታ የሚያዝዙ ሴቶች ልኬ አይደለም እያሉ መመለስ በማብዛታቸው ነጋዴው ከሰረ።

በዚህ ምክንያት የአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር የቤት ኢኮኖሚ ቢሮ በ1939 እና በ1940 ወደ 15,000 የሚጠጉ ሴቶችን አስለካ። ከእያንዳንዷ ሴት 59 ልክ ተወሰደ፤ ውጤቱም በ1941 ታተመ። ሥራው ታላቅ ነበር፤ ነገር ግን ጉድለት ነበረው። በስሌቱ ውስጥ የገቡት የነጮቹ ሴቶች ልኮች ብቻ ናቸው፤ ሌሎቹ ተለክተው እንኳ ከቁጥር አልገቡም። ከዚህ ጥናት ተነሥቶ በ1958 የሴቶች ልብስ ቁጥር መመዘኛ ወጣ። መመዘኛው የብዙ ሴቶችን ሰውነት በትክክል ሊወክል ስላልቻለና ፋብሪካዎቹም እየተዉት ስለ ሄዱ በ1983 ተሻረ። ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር እያንዳንዱ ኩባንያ በፈቀደው መንገድ ቁጥር ይሰጣል። አንዲት ሴት በአንድ ሱቅ 8 ቁጥር፣ በጎረቤቱ 12 ቁጥር ብትሆን የተለወጠችው እርሷ አይደለችም።

እንግዲህ ብዙ ወጣት ሴቶች እንቅልፍ የሚያጡበት ቁጥር ከሰማይ የወረደ ሕግ አይደለም። የፖስታ ነጋዴዎች ኪሣራቸውን ለመቀነስ የጠየቁት፣ ነጭ ያልሆኑ ሴቶች የተረሱበት፣ በኋላም መንግሥት ራሱ የሰረዘው መመዘኛ ትራፊ ነው።

አንዱ ናሙናና ሁለት ወጣቶች

በፋሽን ቤቶች ዘንድ ደግሞ ነገሩ ከሱቁም የጠበበ ነው። አንድ ስብስብ ለትርኢት ሲዘጋጅ ከእያንዳንዱ ልብስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ናሙና ብቻ ይሰፋል። ናሙናው የሚሰፋው ሞዴሏ ከመመረጧ በፊት ነው። ስለዚህ ልብሱ ለሞዴሏ አይለካም፤ ሞዴሏ ለልብሱ ትለካለች። ናሙናው በጠበበ ቁጥር የሚገቡበት ሴቶች እየቀጠኑ መሄድ አለባቸው። ለመግባት ሲሉም ይራባሉ።

ይህ ማጋነን አይደለም። በኦገስት 2006 የ22 ዓመቷ ኡራጓያዊት ሞዴል ሉይሴል ራሞስ በሞንቴቪዴዮ ከተማ ልብስ ስታሳይ ቆይታ እዚያው ወድቃ ሞተች። በኖቬምበር በዚያው ዓመት የ21 ዓመቷ ብራዚላዊት ሞዴል አና ካሮሊና ረስቶን ራሷን ከምግብ በመከልከል በመጣ ሕመም አረፈች። የማድሪድ የፋሽን ሳምንት አዘጋጆች በሴፕቴምበር 2006 ክብደታቸው ከቁመታቸው ጋር ሲነጻጸር ከተወሰነው መጠን በታች የሆኑ ሞዴሎች መድረክ እንዳይወጡ ከለከሉ። ፈረንሳይም በ2017 ሞዴሎች ጤናማ መሆናቸውን የሚያረጋግጥ የሐኪም ወረቀት እንዲይዙ የሚያዝ ደንብ በሥራ አዋለች፤ ያለ ወረቀቱ የሚቀጥር እስከ 75,000 ዩሮ መቀጫና እስከ ስድስት ወር እስራት ይጠብቀዋል። የሞዴልን ሰውነት በማሽን አቅጥኖ ወይም አወፍሮ ያወጣ የንግድ ማስታወቂያም ፎቶው የተነካካ መሆኑን እንዲጽፍ ታዘዘ።

ሕግ ጥሩ ነው። ይሁን እንጂ ሕጉ የያዘው ሞዴሏን ነው፤ ናሙናውን አልነካውም። የሐኪም ወረቀት የያዘች ሴት ያው ጠባብ ቀሚስ ይጠብቃታል። መቀሱ ካልታረመ ወረቀቱ ብቻውን ምን ያደርጋል?

ከትራስ ወደ ገላ

እዚህ ላይ ካዋኩቦንም መተቸት ተገቢ ነው። በ1996 ጉብታዎቹን ለብሰው መድረክ የወጡት ሴቶች እንደ ሌሎቹ ሁሉ ቀጫጭን ነበሩ። ትራሱ ሲወልቅ ጉብታው ይወልቃል፤ ሞዴሏ ቀጥና ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ሆዷ በእውነት የገፋ ሴት ግን ማታ አውልቃ የምትሰቅለው ትራስ የላትም። ጃፓናዊቷ ጥያቄውን ጠየቀች፤ መልሱን ግን ያመጡት ከእርሷ በኋላ የተወለዱ ወጣት ሴቶች ናቸው።

አየርላንዳዊቷ ሽኔድ ኦድዋየር በ2018 ከለንደኑ ሮያል ኮሌጅ ኦፍ አርት ስትመረቅ ያቀረበችው ሥራ ከአንዲት ጓደኛዋ ገላ ላይ በቀጥታ የተወሰደ ቅርጽ ነው። የጥርስ ሐኪም የጥርስን ቅርጽ እንደሚወስድ ሁሉ፣ እርሷም የጓደኛዋን ደረትና ሆድ ቅርጽ ወስዳ በሲሊኮን ልብስ አድርጋ ሠራችው። የሆዱ እጥፋት ሳይቀር አለ። ይህ ሥራ ያለ መተማመን አይሠራም፤ አንዷ ገላዋን አምና ትሰጣለች፣ ሌላዋ ሳታርም ትቀበላለች። የሰውነት ቅርበት ማለት ይኸው ነው። ኦድዋየር ከዚያ ወዲህ በሠራቻቸውና ከሴፕቴምበር 2022 ጀምሮ በለንደን የፋሽን ሳምንት ባሳየቻቸው ልብሶች አንድ ናሙና ብቻ የሚለውን ልማድ ትታ፣ ገና ከመነሻው ልዩ ልዩ መጠን ባላቸው ሴቶች ገላ ላይ እየለካች ትቆርጥ ጀመር።

በለንደን የተማረችው ብራዚላዊት ካሮሊን ቪቶ ደግሞ ሌላ መንገድ ያዘች። ጠባብ ልብስ የሰውነትን ሥጋ ሲያጥፈው ሴቶች የሚደብቁትን ያንን እጥፋት፣ እርሷ በጎበጠ ብረት ክፈፍ እንደ ሥዕል ታሳየዋለች። በሴፕቴምበር 2023 ሥራዋን በዶልቼና ጋባና ድጋፍ በሚላኖ አቀረበች። በብራስልስ የሚሠሩት ኤስተር ማናስና ባልታዛር ደለፒየር የተባሉት ባልደረቦች ከሁለቱም የተለየ ዘዴ አገኙ። በሚለጠጥ ጨርቅ፣ በሽንሽንና በሚሳብ ክር አማካይነት አንድ ቀሚስ በፈረንሳይ ቁጥር ከ34 እስከ 50 ለሆኑ ሴቶች እንዲበቃ አድርገው ይሰፋሉ።

ሦስቱም መንገዶች የሚገናኙበት አንድ ነጥብ አለ። ሴቲቱን «ራስሽን ውደጂ» ብለው አልሰበኩም። ስብከት ርካሽ ነው፤ ማንም ማስታወቂያ ሠሪ ሊናገረው ይችላል። እነርሱ የለወጡት የመቁረጫ ጠረጴዛውን ነው።

ወጪውና ሰበቡ

ታዲያ ዓለም ተለወጠ ወይ? ብዙም አልተለወጠም። ቮግ ቢዝነስ የተባለው የፋሽን ንግድ መጽሔት በ2024 መጸው በኒውዮርክ፣ በለንደን፣ በሚላኖና በፓሪስ የታዩትን 208 ትርኢቶች ቆጥሮ ነበር። ከ8,763 አለባበሶች ውስጥ 94.9 በመቶ የሚሆኑት በአሜሪካ ቁጥር ከ0 እስከ 4 በሆኑ ሞዴሎች ላይ ታዩ። 14 ቁጥርና ከዚያ በላይ የሆኑት 0.8 በመቶ ብቻ ናቸው። በ2016 የታተመ አንድ ጥናት ደግሞ አማካይዋ አሜሪካዊት ሴት የምትለብሰው ከ16 እስከ 18 ቁጥር መሆኑን አሳይቷል። እንግዲህ አማካይ የተባለችው ሴት ከመቶ አለባበስ አንድ ሙሉ እንኳ አልደረሳትም።

ኩባንያዎቹ የሚሰጡት ምክንያት ወጪ ነው፤ በከፊልም እውነት አላቸው። ልብስ በቁጥር ከፍ ሲል ሰፊው በደረት፣ በወገብና በዳሌ በኩል ጥቂት ሳንቲ ሜትር እያካፈለ ይጨምራል። ይህ ለጥቂት ቁጥሮች ይሠራል። ከዚያ ካለፈ ግን አይሠራም፤ ሰው ሲወፍር አጥንቱ አብሮ አይሰፋምና። የትከሻ ስፋትና የእጅ ርዝመት በዚያው መጠን አያድግም። አንዷ በደረቷ፣ ሌላዋ በሆዷ፣ ሦስተኛዋ በጭኗ ትወፍራለች። ትንሹን ቅድ እንዲያው ማስፋት ብቻ ከሆነ ትከሻው ይንሸራተታል፤ አንገቱም ይላላል። ስለዚህ ለትልልቆቹ ቁጥሮች አዲስ የወረቀት ቅድ፣ አዲስ መለኪያ ሴትና ተጨማሪ ጨርቅ ያስፈልጋል። ይህን ሥራ ያልሠራ ኩባንያ የሰፋ ጆንያ መሳይ ልብስ አውጥቶ ሳይሸጥለት ሲቀር «ወፍራም ሴቶች ልብስ አይገዙም» ይላል። ሰነፍ ገበሬ መሬቱን እንደሚረግመው ማለት ነው።

ሜትርና መቀነት

አንባቢ «ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው?» ሊል ይችላል። በርግጥ የፓሪስና የለንደን ቀሚስ እዚህ የሚለብሰው ሰው ጥቂት ነው። የቪቶን ክፍት ልብስ ለብሳ ወደ ቢሮ የምትሄድ ሴት ብትኖር የምትሰማው ነገር ይታወቃል፤ እኛም ይህን ልበሱ ብለን አልተነሣንም። ሰውነትን ማክበር ማለት ሰውነትን መግለጥ ማለት አይደለም። ጥያቄው ልብሱ ለማን ተለካ የሚል ብቻ ነው።

ለዚህ ጥያቄ ደግሞ የአገራችን እናቶች አለባበስ የቆየ መልስ አለው። ሸማኔው የሠራው ሸማ ሰፊ ቀሚስ ሆኖ ይሰፋል፤ ወገቡን የሚወስነው መቀነቱ ነው። መቀነቱን የምታስረው ባለቤቷ ናት። በጾም ወራት ስትከሳ ጠበቅ፣ በፋሲካ ላላ ታደርገዋለች። ስታረግዝ ከፍ ታደርገዋለች፤ ስትታረስ ትፈታዋለች። ያው ቀሚስ ልጃገረዷንም፣ ነፍሰ ጡሯንም፣ አሮጊቷንም ይሸፍናል። ሰውነት በየጊዜው እንደሚለወጥ አምኖ የተሠራ ልብስ ነው። ብራስልሶች በሚሳብ ክር የደረሱበትን ነገር መቀነት ያውቀዋል።

ዛሬ ግን የበዓል ቀሚሳችን ራሱ ወገቡ ጠብቦ፣ ከጀርባው ዚፕ ገብቶበት የሚሰፋበት ጊዜ በዝቷል። ማማሩ አይካድም። ሆኖም ለአንድ በዓል የተሰፋው ለሚቀጥለው አይሆንም፤ ያን ጊዜ ጥፋተኛዋ ለባሿ ትሆናለች። አንደበታችንም አብሮ ተለውጧል። ድሮ «ወፈርሽ» ማለት ደላሽ፣ አማረብሽ የማለት ምስጋና ነበር። ዛሬ ያው ቃል በዩኒቨርሲቲ ግቢና በቢሮ ኮሪደር ሲነገር ተናጋሪው ይስቃል፤ የተነገራት ልጅ ምሳዋን ትተዋለች። ምሳዋን የተወች ተማሪ ከሰዓት በኋላ የሚሰጠውን ትምህርት እንዴት እንደምትከታተል የሚጠይቅ የለም። በሰው ወርቅ አይደምቁ የሚሉት አባቶች በሰው ልክም አይለብሱ ብለው ቢጨምሩበት ኖሮ ምንኛ በበጀን ነበር።

አንዳንድ ሰዎች «ውፍረትን ካላወገዝነው በሽታን ማበረታታት ይሆናል» ብለው ይከራከራሉ። ጤና የሐኪም ነገር ነው፤ ሐኪሙም የሚጠይቀው የደም ግፊትንና ስኳርን እንጂ የቀሚስ ቁጥርን አይደለም። በልኳ የተሰፋ ንጹሕ ልብስ የለበሰች ሴት ታመመች ሲባል አልተሰማም። በኀፍረት ብዛት ከምግብ የተከለከሉ ሴቶች ግን መሞታቸውን ከላይ አይተናል። ደግሞም ልብስ የሚያጣው ወፍራም ብቻ አይደለም፤ በጣም ቀጭኗ፣ አጭሯ፣ አካሏ የጎደለባትም በዚያው ሱቅ በር ላይ እኩል ትመለሳለች።

እኛ ግን ብዙ የበለጸጉ አገሮች ያጡት አንድ ሀብት አለን፤ ልብስ ሰፊ። በአውሮፓና በአሜሪካ በልክ የተሰፋ ልብስ የባለጸጋ ሰው ወግ ከሆነ ቆይቷል። በእኛ ከተሞች ግን ከገበያው ዳር፣ ከሰፈሩ መግቢያ፣ ከሱቁ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ የተቀመጠ ሰው አሁንም አለ። የተማረው ወጣት ይህን ሰው ያረጀውን ሱሪ የሚጥፍለት ብቻ አድርጎ ያየዋል። ነገር ግን እርሱ በሜትሩ የሚያደርገውን ነገር ትላልቆቹ የፋሽን ቤቶች ዛሬ እንደ አዲስ ግኝት ይማሩታል፤ መጀመሪያ ሰውን ይለካል፣ ቀጥሎ ጨርቁን ይቆርጣል።

ጥሩ ሰፊ ሌላም ጥበብ አለው። ከስፌቱ ውስጥ ወደ ጎን የታጠፈ ትርፍ ጨርቅ ይተዋል። ፋብሪካው ጨርቅ ለመቆጠብ ሲል ትርፉን እስከ ስፌቱ ድረስ ይከረክመዋል፤ ስለዚህ የፋብሪካ ልብስ አንድ ጊዜ ከጠበበ ጠበበ ነው። በሰፊ እጅ የተሠራው ግን ስፌቱ ተተርትሮ ይለቀቃል፤ ሴቲቱ ስትወልድ፣ ስትጎለምስ፣ ኑሮዋ ሲለወጥ ቀሚሷ አብሯት ይሄዳል። ልብስ ሰፊው ያንን ሁለት ጣት የማይሞላ ጨርቅ ሲተው የነገዋን ሴት አስቦ ነው።

ስለዚህ ለበዓል ወይም ለመጀመሪያ ደመወዝ ልብስ ልታሰፋ የምትሄድ እኅት ሁሉ ልኳ ሲወሰድ ሆዷን አትሳብ፤ እስትንፋሷን ለቅቃ፣ እንደ ልማዷ ቆማ ትለካ። ሰፊውንም «ትርፍ ተውልኝ» ትበለው። ወንዱ ጓደኛዋም የቢሮ ባልደረባዋም በበኩሉ ስለ ወገቧ የሚሰጠውን አስተያየት ለራሱ ያቆየው። ቀሚሱ አልዘጋ ካለ መተርተሪያ አለ፤ የሚተረተረውም ስፌቱ ነው።